ሁለቱም ያዩት ፊልም

ፊልም ሁሉ እንደ ተመልካቹ ፍላጎት በየሰው መነጽር ውስጥ መሠራት ከጀመረ ወዲህ፣ ሂክማና ባሏ ነስሩ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው አንድ ፊልም አይተው አያውቁም። እሷ ስትስቅ እሱ ያለቅሳል።

ድሬዳዋ ውስጥ ለሁሉም ሰው አንድ ፊልም የሚያሳይ ትንሽ አዳራሽ ከዚራ ሰፈር ተከፈተ ሲባል ሂክማ ባሏን እየጎተተች ወሰደችው።

«የማልወደው ነገር ቢመጣስ?» አለ ነስሩ፣ መነጽሩን በር ላይ እያስረከበ።

«አብረን እንጠላዋለን።»

ፊልሙ ዝግ ያለ ነበር። መሀል ላይ ግን አንዲት ሙሽራ ሠርጓን ጥላ ባጃጅ እየነዳች ስትጠፋ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ሂክማ ዞር ስትል ነስሩ እንባው እስኪመጣ ይስቃል።

«አየሃት?»

«አየኋት! ግን አጥፍታለች።»

«ምን አጠፋች?»

እየተከራከሩ ቤታቸው ደረሱ። ነስሩ ቁልፉን አወጣ፤ ክርክሩ ስላላለቀ ግን መልሶ ኪሱ ከተተውና ሰፈሩን እንደገና መዞር ጀመሩ።