የባሕር ዳሩ መኪና

የባሕር ዳር ሚኒባስ ወረታ መናኸሪያ በገባ ቁጥር አምሳል ከተቀመጠችበት እየተነሳች የሚወርዱትን አንድ በአንድ ታይ ነበር። ሆስፒታል የሰነበተው ልጇ ድኖ ይመጣል ስለተባለች፣ የምታለብሰውን አዲስ ጋቢ ታቅፋለች። ተራ አስከባሪው ዓለምነህ ታናሽ ወንድሟ ነው። የልጁ አስከሬን ጠዋት በዚሁ በር አልፎ መንደራቸው ቁሐር ሚካኤል መድረሱን ያውቃል። ዘመዶቻቸው ድንኳኑ ተተክሎ፣ ቄሱም መጥተው መርዶው በወጉ እስኪነገራት ድረስ እዚህ እንዲያቆያት አዘውታል።

«ይሄም አይደለም?» አለችው።

«ቀጣዩ ላይ ነው፣ እትዬ። ጎማ ተንፍሶባቸው ነው።»

«እናንተ የመናኸሪያ ሰዎች ደግሞ ‹አሁን ይደርሳል› ስትሉ ነው የምትውሉት» ብላ ሳቀች። ለልጇ ከቋጠረችው ዳቦ ቆረሰችና «እንካ፣ ሆድህን ያዝበት። ፊትህ ጠቁሯል» ብላ አጎረሰችው። ሳያኝክ ዋጠው።

ስልኩ ጮኸ። «አምጣት» አሉት።

«ምን አሉ?»

«በሌላ መኪና አልፎን ሄዷል። ቤት ገብቷል።»

አምሳል ጋቢውን ወደ ላይ አንስታ እልል አለች። ሻይ ሻጯ ተቀበለቻት። ረዳቶቹም «እንኳን ደስ አለሽ፣ እናታችን» እያሉ በጭብጨባ ወደ ባጃጁ ሸኟት። ዓለምነህም አብሯቸው አጨበጨበ።