ሦስት የሥራ ቀናት

ዌንደል ፕሩት በኬንታኪ አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ መሣሪያ መሸጥ ከጀመረ ሠላሳ ዓመቱ ነው። ለገዛ አማቹ እንኳ የወንጀል መዝገቡን ሳያስጣራ ሽጉጥ አልሸጠለትም፤ አማቹም እስከ ዛሬ እንዳኮረፈ ነው።

ሰኞ ጠዋት ማርላ የምትባል ቀጭን ሴት ገባች። በዚያ የሐምሌ ሙቀት ባለ ረጅም እጅጌ ሸሚዝ ለብሳለች።

"ተኩሶ ለማያውቅ ሰው የሚቀለው የትኛው ነው?"

"ለአደን ነው?"

"አይደለም። ጥይቱም ጥቂት ይበቃኛል።"

ቅጹን ስትሞላ አድራሻዋን ጽፋ ሰረዘችው። "ልጄን እናቴ ጋ ትቻታለሁ" አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት። ዌንደል ይሄን ነገር አልወደደውም።

የገዢን መዝገብ የሚያጣሩት የመንግሥት ሰዎች ዘንድ ደወለ። "ይቆይ" አሉት። ሕጉ እንዲህ ነው፦ በሦስት የሥራ ቀናት መልስ ካልመጣ ባለሱቁ መሸጥ ይችላል። ካልፈለገም አስገዳጅ የለውም። መንግሥት ጣጣውን ለባለሱቅ ጥሎ እንቅልፉን ይለጥጣል።

ማክሰኞ አንድ ሰው ደወለ።

"ጋሼ ዌንደል፣ የማርላ ወንድም ነኝ። ትናንት መኪናዋን እርስዎ በር ላይ አየኋት። በእናትዎ አይሽጡላት፤ ራሷን ልታጠፋ ነው!"

ሰውየው ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ዌንደልም በዚሁ መንገድ የሞተች እህቱን ቀብሯል። ቃል ገባለት፤ ስልክ ቁጥሩንም ያዘ።

ሐሙስ መልስ መጣ፦ ንጹሕ ናት፣ ይሸጥላት። ወረቀት የሰው ሆድ አያይ፣ ምን ይደረግ?

"አልሸጥልሽም፣ ልጄ" አላት ስትመጣ።

"ምን ተገኘብኝ?"

"ምንም። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ሐኪም ዘንድ ሂጂ።"

"ሌላ ሱቅ ብሄድ እንደ አዲስ መጣራቴ ነው። እባክዎ! ሌላ ሦስት ቀን የለኝም።"

ልመናዋ አንጀቱን በላው፤ ግን አልሸጠላትም። እንደወጣች ለወንድሟ ደወለ።

"ባዶ እጇን ነው የሄደችው። አሁን እፎይ በል።"

"እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ።"

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ፖሊሱ ቡች ባርኔጣውን አውልቆ ገባ። ማርላ ቤቷ ውስጥ ሞታ ተገኝታለች።

ዌንደል ወንበሩ ላይ ዘጭ አለ። "ከየት አግኝታ? እኔ እኮ ከልክያት ነበር! ወንድሟን ጠይቀው።"

"የምን ወንድም?" አለ ቡች። "ለእናቷ አንድ ናት። ፍርድ ቤት አጠገቧ እንዳይደርስ ያገደው የቀድሞ ባሏ ነው የገደላት።"