መጀመሪያ የሟች ስም

ለተወለደችበት ሰፈር ዕድር፣ የለቅሶ ጥሪ በየአባሉ ስልክ የሚልከውን ፕሮግራም የጻፈችው እሷ ናት፤ ያውም ማንም ሳያስተምራት። መልእክቱን የሚያዘጋጀው የፕሮግራሙ ክፍል፣ ፈንክሽኑ፣ የሚቀበለው ሁለት ስም ነው፤ መጀመሪያ የሟች፣ ቀጥሎ ሞቱን ለዕድሩ ያስታወቀው የነጋሪ። ፓይተን የሚሉት የኮድ ቋንቋ ስሞቹን በተሰጡት ተራ ይወስዳል እንጂ ማን ሞተ፣ ማን ቆሟል ብሎ አይጠይቅም።

ዛሬ ሐዋሳ፣ ቢሮዋ ተቀምጣ የዕድሩን መልእክት ስታነብ ደሟ ፈላ። «አቶ ዘርጋው አርፈዋል። ነጋሪ፦ ወይዘሮ ብርቄ።» አቶ ዘርጋው አባቷ ናቸው። ታመው የከረሙት ግን ጎረቤታቸው ወይዘሮ ብርቄ ነበሩ።

ለዕድሩ ጸሐፊ ለምንተስኖት ደወለች።

«አንተ ደንቆሮ! ሟች ይቀድማል፣ ነጋሪ ይከተላል ብዬ ስንቴ ልንገርህ? በቁሙ ያለ አባቴን ትገድልብኛለህ? አሁኑኑ ማስተባበያ ላክ!»

ምንተስኖት «እህቴ…» ብሎ ጀመረና ተወው።

«ምን ይዘጋሃል? ገልብጠኸዋል አይደል?»

«አልገለበጥኩም፣ እህቴ» አለ። «ያጠፋሁት ሌላ ነው። መርዶ የሚነግሩሽ ሽማግሌዎች በርሽ እስኪደርሱ ድረስ የአንቺን ቁጥር ከመልእክቱ ዝርዝር ማውጣት ነበረብኝ።»