ቀጭኗና ወፍራሙ

«ስትታመምስ ማን ያክማታል?» አለች ጸሐይነሽ፣ ቀጭኗን ላፕቶፕ በሁለት እጇ ከፍ ዝቅ እያደረገች።

ባለሱቁ ይርዳው ሳቁን ዋጥ አደረገ። «እውነቱን ልንገርዎት እናቴ፣ ይቺ ብትበላሽ ሰቆጣ ውስጥ የሚከፍታት የለም። ሁሉ ነገሯ አንድ ላይ የተጣበቀ ነው። ይሄ ወፍራሙ ግን ያገለገለ ቢሆንም እኔው ራሴ ፈትቼ እገጥመዋለሁ።»

«ሰማሽ?» ጸሐይነሽ ወደ ልጇ ዞረች።

ኤደን ሰምታለች። ዓይኗ ግን ከቀጭኗ ላይ አልተነሳም።

እናትና ልጅ ከፃግብጂ የተነሱት ትናንት ነው። ጸሐይነሽን ጉልበቷ ሌሊቱን ሲጠዘጥዛት አድሮ፣ አሁን ይርዳው ባቀበላት ዱካ ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ በሬውንም ፍየሉንም ራሷ ገዝታ ራሷ ትሸጣለች፤ ገበያ ላይ እሷን ማጭበርበር ዘበት ነው ይባልላታል። ላፕቶፕ ግን ጥርሱ አይታይ፣ ዳሌው አይዳበስ። ቢሆንም እየደከማትም ቢሆን የምታውቀውን ትጠይቃለች።

«ምን ትበላለች?»

«መብራት ነዋ! እሱ ላይ ጎበዝ ናት። አንዴ ከጠገበች ስምንት ሰዓት ሙሉ ትሠራለች። ወፍራሙ መብራት በሄደ በሁለት ሰዓቱ እጁን ይሰጣል።»

«ብትወድቅስ?»

«አትውደቅ እንጂ!» ይርዳው ክዳኗን በጣቱ ጫን ሲያደርገው እጥፍ አለ። «ፕላስቲክ ናት። ሜሞሪዋም ጠባብ ነው፤ ፊልም ምናምን አታጠራቅምም። ለትምህርት ግን ፈጣን ናት፤ ደግሞ ቅልል ያለች።»

«ቅልሏ ነው የማይጥመኝ» አለች ጸሐይነሽ። ዋጋቸው እኩል ነው ሲሏት ጊዜ፣ በአንድ በግ ዋጋ ግልገል የሚሰጧት መስሏታል።

ኤደን የመጨረሻ ልጇ ናት። ወንድሟ ምሳው ባሕር ተሻግሮ ሳዑዲ ከገባ አምስት ዓመቱ ነው። እህቷ ባንቺ ለሥራ ብላ አዲስ አበባ ሄዳ በዚያው ቀረች። ኤደን ግን ፈተናውን አልፋ ጂማ ዩኒቨርሲቲ ሲደርሳት፣ «ፋርማሲ ተምሬ ሰቆጣ ሥራ እይዛለሁ፤ አንቺንም ከዚያ ዳገት አወርድሻለሁ» ብላታለች። ጸሐይነሽ ይህን ቃል ይዛ ነው የቆመችው። አብረው የሚከራዩትን ቤት ሳይቀር በሐሳቧ መርጣለች፤ ከገበያው የማይርቅ፣ ግቢው ውስጥ ቧንቧ ያለው።

«ወፍራሙን ያዢ» አለቻት። «እዚሁ የሚጠገነውን። ለክረምት ስትመጪ ይኸው ልጅ ያይልሻል።»

«እማ ደግሞ! ጂማ ድረስ ይህን ድንጋይ ተሸክሜ?»

ይርዳው ሊያስታርቅ መሀል ገባ። «ቀጭኗም እኮ የአንድ ዓመት ዋስትና አላት። ችግር ካለባት እዚሁ ሱቅ ትምጣ፤ አዲስ አበባ ልኬ አስቀይራለሁ። ለክረምት ስትመለስ ይዛት መምጣት ብቻ ነው።» ከመሳቢያው ወረቀት አውጥቶ እስክሪብቶ ፈለገ።

ጸሐይነሽን ቀለል አላት። ዓመት ሳይሞላ ወደ ሰቆጣ የሚያስመጣ ወረቀት ከሆነማ ቀጭኗም አትከፋም። «በል ጻፍላት» አለች።

«ዋስትናው ይቅር» አለች ኤደን። «በሱ ፈንታ ቦርሳ ጨምርልኝ። ያቺን ጥቁሯን፣ በጀርባ የምትታዘለዋን።»

ይርዳው እስክሪብቶውን እንደያዘ አያት። «ቦርሳ እኮ የትም ይገኛል።»

«ዋስትናው አይጠቅመኝም።»

ጸሐይነሽ ገበያ ላይ ሻጭ የሚያወራውን አታደምጥም፤ የምታደምጠው የሚዘለውን ነው። ልጅቱ ከጠዋት ጀምሮ ስለ ላፕቶፗ ክብደት ጠይቃለች፤ ስለ ባትሪዋም ደጋግማ ጠይቃለች። የት ትጠገናለች ብላ ግን አንድም ጊዜ አልጠየቀችም። ይህን ጸሐይነሽ አሁን ልብ አለችው።

በኽምጣና፣ በቤታቸው ቋንቋ ጠየቀቻት። «አትመለሺም?»

ኤደን በአማርኛ መለሰች። «አላውቅም እማ።» የእጅ ቦርሳዋን ዚፕ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። «ገና ነው እኮ። አላውቅም።»

ጸሐይነሽ አልተቆጣችም። የቁጣዋን ጉልበት ምሳውና ባንቺ ጨርሰውታል። አዘነች። ልጅቱ ግን አልዋሸቻትም፤ እመለሳለሁ ብላ መገላገል ስትችል አላለችም። ይህንንም ጸሐይነሽ አልሳተችውም።

«ቀጭኗን ስጣት» አለችው ይርዳውን። «ቦርሳውንም።»

ይርዳው የሰቆጣ ልጅ ነው፤ ኽምጣና ይሰማል። አንገቱን ደፍቶ ወረቀቱን ወደ መሳቢያው መለሰ። ከዚያ ላፕቶፗን ከፍቶ ወደ ኤደን አዞራትና ካሜራዋን አበራ። «እናቴ፣ ይምጡ ይዩ። በዚች እየተያያችሁ ታወራላችሁ። ገበያ ሲወጡ እዚህ ብቅ ይበሉ፤ በኔ ስልክ እደውልልዎታለሁ። ካሜራዋ እንኳ ትንሽ ደካማ ነው።»

ጸሐይነሽ ጉልበቷን ይዛ ተነሳችና ከልጇ ጎን ቆማ ጎንበስ አለች። የላፕቶፗ መስኮት ውስጥ አንዲት ልጅ አለች፤ ፊቷ ዳመና የገባበት ይመስላል። ኤደን አዲሱን ቦርሳ ትከሻዋ ላይ አነሳች። የመስኮቱ ልጅ ትንሽ ቆይታ አነሳች።

«እማ፣ እዚህ ነኝ እኮ» አለች ኤደን ክንዷን ነካ አድርጋ።

ጸሐይነሽ ቀና አላለችም። ከአሁኑ ልልመዳት ብላ መስኮቱን ማየት ቀጠለች።