አንድ ጆግ ውሃ

ድርቁ ከጠና ወዲህ የመተሐራ ሰው ሁሉ ውሃ የማያስወጣ ኩላሊት ተተክሎለታል። በቀን አንድ ስኒ ይበቃዋል፤ አንድ ጆግ ከጠጣ ግን አንጎሉ አብጦ ይሞታል። የትርንጎን ባል ጎረቤታቸው ደምሰው የገደለው እንዲሁ፣ በጆግ ነው።

ዛሬ ደግሞ እንዳትመሰክርበት መጣና ጩቤውን አንገቷ ላይ አድርጎ፣ «ጠጪ!» አላት። ጆጉን ሙሉ ጨለጠችው። እስክትሞት ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ፀሐይዋ አዘቀዘቀች።

«አያ ደምሰው፣ ሽንቴ መጣ» አለችው።

ይህን ቃል ከሰማ ሃያ ዓመቱ ነው። ያኔ ተከላው ሲደረግ ትርንጎ እርጉዝ ስለነበረች መታለፏን ከባሏ በቀር ያወቀ አልነበረም። ደምሰው ከድንጋጤው ሳይነቃ ዘነዘናውን ከሙቀጫው መዝዛ አናቱን አለችው።

ጆጉን እንደገና ሞላች። በደም የራሰ መንጋጋውን ፈልቅቃ፣ ባሏ እንግዳ ሲያጎርስ ይል እንደነበረው፣ «በሞቴ!» አለችው።