ልጅ የያዘ ይቅደም

ዘርዓብሩክ መኪና የለውም። ልጅ ይዞ በሚወጣበት ጠዋት ቢሊሱማን በግራ፣ ቦንቱን በቀኝ እጁ ይዞ፣ ሁለት ምሳ ዕቃ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ አንድ ሰዓት ላይ ሸጎሌ ታክሲ ተራ ይደርሳል። «መኪና የለኝም እንጂ እኔ ራሴ ሰርቪስ ነኝ» እያለ በራሱ ይቀልዳል።

ልጆቹ ለመንገድ አይመቹም። ቢሊሱማ በመንገዱ ያለውን በግ ሁሉ ካልነካሁ ይላል። የቦንቱ ሽንት የሚመጣው ደግሞ ታክሲው ሲመጣ ነው።

ጥቅማቸው አንድ ነው። ሰልፉ የቱንም ያህል ቢረዝም ተራ አስከባሪው «ልጅ የያዘ ይቅደም!» ብሎ ይጮሃል። ያኔ ዘርዓብሩክ ፊቱን የደከመው አባት አስመስሎ፣ ሰውን ሁሉ አልፎ ከፊት ይቆማል። ማርፈድ አይችልም። ቢሮው ሁለት ማስጠንቀቂያ ጽፎበታል፤ ሦስተኛው ስንብት ነው።

ከሁለት ሳምንት ወዲህ ግን ኡመይማ የምትባል ሴት መጣችበት። በሻርፕ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋ ሁልጊዜ እሱን ትቀድማለች። ያ የታቀፈችው ነገር አልቅሶ አያውቅም። እግሩም ራሱም አይታይም።

«ትራስ ነው» አለ ዘርዓብሩክ ለራሱ። ሌሊቱን ሁሉ ሲያስበው አድሮ ትራስ መሆኑን እርግጠኛ ሆነ።

ሐሙስ ዕለት እየዘነበ ነበር። ረዳቱ «የመጨረሻ ወንበር!» ሲል ኡመይማ እግሯን አነሳች። ዘርዓብሩክ አልቻለም።

«እህቴ፣ እስቲ ልጅሽን አሳዪን።»

«ምን አልክ?»

«ትራስ ታቅፎ ልጅ ይዣለሁ ማለት ነውር ነው! ልጅ ያለን ሰዎች የት እንሂድ?»

ሰልፉ አጉረመረመ። «እውነቱን ነው፣ ታሳይ!» አለ አንዱ ከኋላ።

ኡመይማ ሻርፑን ገለጥ አደረገች። ሁለት ወር ያልሞላው ሕፃን ብርዱ ሲነካው ታክሲ ተራውን በጩኸት አናወጠው።

«ምናለ ብታፍር! አንተ ራስህ የልጅ አባት ሆነህ!» አለች ከሰልፉ አንዲት ሴት። ሌሎቹም ተቀበሏት። ዘርዓብሩክ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር።

ያዳነችው ኡመይማ ናት። «ተዉት፣ ልጆቹ ዝናብ እየመታቸው ነው» ብላ ወንበሩ ላይ ጠጋ አለችና ሦስቱንም አስገባቻቸው። ቢሊሱማን እሱ ታቀፈው፤ ቦንቱ በሁለቱ መካከል ተወሸቀች።

«ስንት ዓመቷ ነው?» ጠየቀችው፣ ቂም እንዳልያዘች ለማሳየት።

«አራት... ማለቴ፣ አምስት።»

«ስድስት ነኝ» አለች ቦንቱ።

«አባቶች ሁላችሁም አንድ ናችሁ!» ብላ ኡመይማ ሳቀች። ሳቋ ከስድቡ ሁሉ ይልቅ አሳፈረው።

ዊንጌት ወርደው ሙአለ ሕፃናቱ በር ድረስ ሮጡ። ዘርዓብሩክ ምሳ ዕቃዎቹን አስረከበ። ቦንቱ ፊት በርከክ አለ።

«ዛሬ አጥፍቻለሁ። ከነገ ጀምሮ እንደ ሰው ከኋላ እንሰለፋለን፣ እሺ?»

«ነገማ ከእርስዎ ጋር አይደለንም፣ ጋሼ» አለችው ቦንቱ፤ «እማዬ ነገ እኛን ይዞ ታክሲ ሰልፍ ላይ የመቅደም ተራው የጎረቤታችን የጋሼ ጉታ ነው ብላለች።»