እንደገና ሙቺልን

ቶማዚን መድረኩ ላይ ሞታ ተዘርራለች። ጡቷ ስር የደበቀችው የበግ ደም የተሞላ ፊኛ በሰዓቱ ፈንድቶላት ቀሚሷ ርሷል። ንጉሡ ከስደት ተመልሶ ቲያትር ቤቶች ከተከፈቱ፣ ሴትም መድረክ መውጣት ከጀመረች ወዲህ፣ ለንደን ውስጥ እንደሷ አሳምሮ የሚሞት የለም ይባላል።

ዓይኗን በስሱ ከፍታ ወደ መጋረጃው ጥግ ስታይ እህቷ ዶርካስ ቆማለች።

ቶማዚን ጠዋት ከቤት ስትወጣ፣ "አኒስ ደህና ከሆነች እንዳትመጪ፣ ካጠገቧ አትለዪ። የባሰ ነገር ከመጣ ብቻ ነይ" ብላት ነበር። ልጇ አኒስ ገና አራት ዓመቷ ነው፤ ፈንጣጣው ጉሮሮዋ ድረስ ወርዷል። ቶማዚን ዛሬን ልቅር ብላ የቲያትር ቡድኑን አለቃ ሃርግሬቭን ለምናው ነበር። "ቅሪ፤ ግን በዚያው ቅሪ" አላት። ስለዚህ መጣች።

ዶርካስ የአኒስን ቆብ በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛለች። ፊቷ በእንባ ርሷል። ቶማዚን ጩኸቷን ዋጥ አድርጋ እንደ ሬሳ ተኝታ ቀረች።

ሁለት ተዋንያን ሬሳዋን ሊያነሱ መጡ። ልማዱ ነው፤ አሳዛኙ ጨዋታ ሲያልቅ ሟቿ ብድግ ብላ ተሸካሚዋን በጥፊ ታጮልና ሕዝቡን በቀልድ ትሸኛለች። ከፍሎ የገባ ሰው ከፍቶት መውጣት አይፈልግም።

"ተነሺ እንጂ፣ ምን ሆነሻል?" አላት ከሁለቱ አንዱ፣ ክሪስፒን፣ ጎንበስ ብሎ።

"ልጄ ሞታለች" አለች ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

ክሪስፒን ክው አለ። ዞር ብሎ ዶርካስን አያት፤ ቆቡንም አየ። "እግዜር ያጥናሽ። ግን ሃርግሬቭ እያየን ነው። ተነሺ፣ እህቴ፣ በሞቴ።"

ብድግ አለችና አጮለችው።

"እጅህን ሰብስብ፣ አንተ ባለጌ! ሲኦል ደርሼ መመለሴ ነው። የለንደን ባሎች አጨናንቀውት መቆሚያ እንኳ አጣሁ!"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ብርቱካን ሻጮቹ ሳይቀሩ ቅርጫታቸውን አስቀምጠው አጨበጨቡ። ቶማዚን ድምጿን ሰማችው፤ ትንሽ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ራሷን ጠላች።

መድረኩ ጠርዝ ላይ ከተቀመጡት ጌቶች አንዱ፣ ሪባን በሪባን የሆነው፣ በከዘራው ወለሉን ደበደበ። "ግሩም ነው! እንደገና ሙቺልን!"

"ሙቺ! ሙቺ!" አለ ሕዝቡ ተቀብሎ።

ቶማዚን ወደ ሃርግሬቭ ዞረች። ከመጋረጃው ጀርባ ሆኖ በጣቱ ወለሉን አሳያት፤ ተኚ ማለቱ ነው።

ተኛች። ፊቷን ወደ ዶርካስ፣ ወደ ቆቡ አዞረች። ደሙ ቀዝቅዞ ሆዷ ላይ ተጣብቋል።

ክሪስፒን እንደ ቅድሙ መጥቶ ጎንበስ አለ። "በቃ፣ አሁን ተነሺ" አላት ቀስ ብሎ። ሕዝቡ ለሳቅ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። ክሪስፒን ጉንጩን አስጠጋላት፤ ጥፊው ግን አልመጣም።